የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሐምሌ ችግኝ ለምን በሚያዝያ ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ሐምሌ በቀበሌያችን ተራራ ላይ 2,000 የሐበሻ ጥድና የወይራ ችግኝ ተከልን። በመስከረም ስንቆጥር ከሞላ ጎደል ሁሉም ለምልሞ ነበር። በሚያዝያ ተመልሰን ስናይ ግን አረንጓዴ ሆኖ የቆየው በጣት የሚቆጠር ነው። ተራራው ላይ ውኃ ማድረስ አንችልም። ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው? (ከደብረ ታቦር አካባቢ)

መልስ፦ የመስከረሙን ቆጠራ አትመኑት። ችግኙ እስከዚያ የሚኖረው ከችግኝ ጣቢያ ይዞት በመጣው አፈርና በክረምቱ እርጥበት ነው። ሥሩ ወደ ተራራው አፈር መግባት አለመግባቱ የሚለየው በጋው ሲገፋ ነው።

ምክንያቱን ራሱ የደረቀው ችግኝ ይነግራችኋል። ከተለያየ ቦታ ሃያ ያህል ቆፍራችሁ አውጡና ሥራቸውን እዩ። ፕላስቲኩ ካልወለቀ ወይም ከታች ብቻ ተቀዶ ከተተከለ ሥሩ መውጫ አጥቷል። ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ከተገኘ ችግኙ ጣቢያ ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለው ቢጸድቅ እንኳ ከዓመታት በኋላ ነፋስ ይጥለዋል። ሥሩ ደህና ሆኖ ከጉድጓዱ ግድግዳ ሲደርስ ከቆመ ጉድጓዱ ጠባብ ነበር። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ልጡ ተበልቶ አፈር ከተለጠፈበት ምስጥ ነው። ጫፉ የተቀነጠሰ ከሆነ ደግሞ ከብትና ፍየል ገብተዋል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጉድጓዱ ላይ ነው። በተከላው ዕለት በዶማ ተጭሮ የሚከፈት ጉድጓድ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጎኑም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የሚቆፈረውም በሚያዝያ ወይም በግንቦት ነው። ጥቁሩን የላይኛውን አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ከምሩት። ሲተከል ጥቁሩ አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሥሩ ዙሪያ ይገባል፤ የታችኛው አፈር በቁልቁለቱ በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክትር ይሠራበታል። የክትሩ ሁለት ጫፎች ወደ ሽቅቡ ይዙሩ፤ ስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይበቃል። የነሐሴና የመስከረም ጎርፍ እዚያ ቆሞ ሲሰርግ ለበጋው ስንቅ የሚሆነው እሱ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። 2,000 ጉድጓድ በዚህ ልክ ሲቆፈር 128 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ጉልበታችሁ ለ600 ከሆነ 600 ብቻ ትከሉ፤ ሌላውን ችግኝ አትቀበሉ። ለቁጥር ሲባል የሚተከል ችግኝ የሕዝብን ጉልበት ያባክናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራም ገበሬው ቅር እያለው ይወጣል።

አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ መራሱን ቆፍራችሁ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ዝናብ ያታልላል። በናንተ አካባቢ ሐምሌ ጥሩ ነው፤ ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ የሚተከለው ሥር ለመስደድ ጊዜ ያጥረዋል። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ ሙሉ በሙሉ አውልቁ፣ የተጠመጠመ ሥር ካለ ከታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ የችግኙ አንገት (ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ) ከመሬቱ ወለል እኩል ይሁን፣ ከዚያ ዙሪያውን በእግር ጠቅጥቁ። ሳይጠቀጠቅ የቀረ ክፍተት ሥሩን ያደርቃል።

ችግኝ ጣቢያውንም ጠይቁ። ከመተከሉ በፊት ባሉት ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ጥላው ተነሥቶለት፣ ውኃው ተቀንሶለትና ከፕላስቲኩ ሥር የወጣው ሥር ተገርዞለት ነበር? በጥላና በየቀኑ ውኃ ያደገ ለስላሳ ችግኝ ተራራ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የደረሰና ግንዱ የጠነከረ ምረጡ። ረጅም መሆኑ ብቻውን ጥሩነት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ተራራውን ዞራችሁ በሕይወት ያሉ ጉቶዎችን ፈልጉ። ካሉ መትከል ላያስፈልግ ይችላል። በወላይታ ሁምቦ ወደ 2,700 ሄክታር የሚሆን የተራቆተ ተራራ መልሶ የለበሰው በአብዛኛው ከብት ተከልክሎ፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠው ተገርዞ እንዲያድግ በመደረጉ ነው። በአንድ ጉቶ ላይ ጠንካራ የሆኑ ሁለት ሦስት ቀንበጦች ይተዋሉ፣ የቀሩት ይቆረጣሉ፤ የተተዉት ደግሞ እስከ ቁመታቸው አጋማሽ ድረስ ያሉ ቅርንጫፎቻቸው ይገረዛሉ። ሣሩ ታጭዶ ወደ ቤት ይወሰድ። የጉቶው ሥር ቀድሞውኑ መሬት ውስጥ ስላለ ቀንበጡ በጋውን አይፈራም።

ጥያቄ፦ በትውልድ ቀዬአችን ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን እየሳሳ ነው። ከዚህ ገንዘብ አዋጥተን ለችግኝ ልንልክ አስበናል። በምን መልኩ ብንልክ ይሻላል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ችግኝ ከወጪዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ገንዘባችሁን ለአጥርና ለጠባቂ አውሉት። በደቡብ ጎንደር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለሚለቀም ገበሬውም እርሻው ይጠራለታል። ከብት መግባቱ ሲቆም ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የወደቀው ዘር ራሱ ይበቅላል። ካቡን ከደኑ ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ወጣ አድርጎ መሥራት ከተቻለ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል፤ ይህ ግን ከባለይዞታው ገበሬ ጋር አስቀድሞ በስምምነት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ተከላም ካለ ክፍያውን ከሦስት ክፈሉት፦ አንዱ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲታይ፣ አንዱ በተከላው ጊዜ፣ የመጨረሻው በሚያዝያ ከሚደረገው ቆጠራ በኋላ። ከካህናቱና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ይህን ከመነሻው ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ወሰናችን ላይ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ ጠርዙ ላይ ያለው በቆሎዬ አያፈራም። ምን ላድርግ? (ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ፦ ሥሩ ወደ ማሳዎ ገብቶ ውኃና ምግብ ይሻማል። በወሰኑ ላይ በእርስዎ በኩል 1 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቢቆፍሩ ያገኙትን ሥር ሁሉ ይቆርጣሉ፤ ለውጡንም ያዩታል። ሆኖም ሥሩ ከቦዩ ሥር ሾልኮ ስለሚመለስ መታደስ አለበት። ዘላቂው መፍትሔ ጎረቤትዎ በሚቀጥለው ቆረጣ የወሰኑን ረድፎች እንዲያነሣ በሽማግሌ ፊት መስማማት ነው። ባሕር ዛፍ ቋሚም ማገርም ማገዶም ነው፤ ይነቀል ማለታችን አይደለም። ቦታው ግን የእርሻ ጠርዝና የምንጭ ዳር መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ የዝግባ ዘር መደብ ላይ ዘርቼ ሁለት ወር ሞላኝ፤ አንድም አልወጣም። ዘሩ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ዘሩ በጠንካራ ቅርፊት ስለተሸፈነ ሳይሰበር ከተዘራ ለመብቀል ብዙ ወራት ይፈጅበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሥጋውን ፍቀው ያንሡ፣ ከዚያ ቅርፊቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው ስንጥቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ከተጨፈለቀ ግን ይበሰብሳል። የዝግባ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ስለሆኑ ዘር የሚያገኙት ከሴቶቹ ብቻ ነው፤ ከአንዷ ብቻ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ከብዙዎቹ ይልቀሙ። አሁን የዘሩትን አይገልብጡት፤ መደቡን በጥላ ሥር እርጥብ እያደረጉ ይጠብቁ።