ለማኅበረሰቤ ልሥራ ወይስ ሙያዬን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ረሖቮት የምኖር ወጣት ነኝ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቴን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። አንድ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ለሁለት ዓመቱ የሙያ ልምምድ ተቀብሎኛል። በሰፈራችን ያለ የቤተ እስራኤል ማኅበር ደግሞ የወጣቶች አስተባባሪ ሆኜ እንድቀጠር ጠይቆኛል። አባቴ በልጅነቱ ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው ነው፤ አያቴን የቀበሩት ሱዳን ውስጥ ባለው የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ነው። ማኅበሩን እምቢ ብል ድካማቸውን የካድኩ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልምምዱን ጀምሪ። ማኅበሩንም አትተዪው፤ የምትገቢበት በር ግን ሌላ ይሁን።

በሱዳን መንገድና በመጠለያ ጣቢያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ወገኖቻችንን ከሱዳን በአውሮፕላን ባወጣው የሙሴ ዘመቻ እስራኤል የገቡት 8,000 ያህል ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ያንቺ ጭንቀት ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ነገር ግን ያ ትውልድ ራሱ በምን እንደመራ ልብ በዪ። የቤተ እስራኤል መምህርና መሪ የነበሩት ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው፣ ቋንቋ አውቀው ስለተመለሱ የወገናቸውን ጉዳይ በውጭ ለማሰማት ቻሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. አይሁድነታችን ሲጠረጠር ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዋናው ራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ከተቀመጠው ሕዝብ ጋር የነበሩት ቄሶች፣ የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች፣ ኦሪቱን የሚያውቁ አባቶች ነበሩ። ሁሉም የያዙትን እውቀት ይዘው ነው የቆሙት። አንቺም የያዝሽው አለ፤ ገና አላለቀም እንጂ።

አሁን ወደ ማኅበሩ እንምጣ። በእስራኤል የማኅበራት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ ወይም ተቆጣጣሪ አካል ሊኖረው ግድ ነው። ከመንግሥት ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ከማኅበራት መዝጋቢው ኒሁል ታኪን የሚባለው፣ ማኅበሩ በአግባቡ መተዳደሩን የሚመሰክር ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በማኅበረሰባችን ብዙ ማኅበራትን ያቋቋሙት በሽምግልና የተከበሩ፣ በቃላቸው የሚታመኑ አባቶች ናቸው። ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ሲያመጡ አይቻለሁ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ ቃለ ጉባኤውና ደረሰኙ ስላልተገናኙ ብቻ ማረጋገጫው ይዘገያል፣ በጀቱ ይያዛል፣ የልጆቹ የማታ ትምህርት ይቋረጣል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሒሳብ የሚያውቅ፣ አማርኛ የሚናገርና ለሽማግሌ አክብሮት ያለው ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ልብ አይገኝም። አንድን አባት «እዚህ ጋ ስሕተት አለ» ማለትና «ይህ ደረሰኝ የየትኛው ግዢ እንደሆነ ቢያስታውሱኝ» ማለት ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ሁለተኛውን አነጋገር ከቤትሽ ተምረሽዋል።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባልነት በማታ፣ በወር ጥቂት ሰዓት የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ኃላፊነት ነው፤ ከልምምድሽ ጋር ይሄዳል። በማኅበሩ ተቀጥረሽ ደመወዝ ከተቀበልሽ ግን በኮሚቴው ልታገለግዪ አትችዪም። የአስተባባሪነት ቦታም ብዙ ጊዜ ከአንድ ፕሮጀክት በጀት ጋር የተሳሰረ ነው፤ በጀቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ ልምምዱን አስቀድመሽ ትተሽ ከሆነ ያን ጊዜ ሁለቱንም ታጫለሽ። ልብሽ በእርግጥ ከወጣቶች ጋር መዋል ከሆነ ምክሬ ይለወጣል፤ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ትጀምሪያለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ያየሁት የወጣቶችን ሥራ መውደድ ሳይሆን የውለታ ጭንቀት ነው፤ በዚህ ስሜት የተቀጠረ ሰው ቶሎ ይዝላል፤ ልጆቹም ያውቁበታል።

አባትሽን ከመወሰንሽ በፊት አነጋግሪያቸው። «ምን ልሥራ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መንገዱን ማን እንደመራ፣ እህሉን ማን እንዳከፋፈለ፣ አያትሽ ሲቀበሩ ጸሎቱን ማን እንዳደረሰ ጠይቂያቸው፤ ከፈቀዱም ድምፃቸውን ቅጂ። ዓመተ ምሕረት ከጠየቅሽ ይጠፋባቸዋል፤ «አዝመራ ነበር ወይስ ክረምት?» ካልሽ ይመጣላቸዋል።

ለማኅበሩ ሊቀ መንበር በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደሽ መልሺላቸው። አስተባባሪነቱን እንደማትችዪ፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለቁጥጥር ኮሚቴ ብትጠቆሚ ፈቃደኛ እንደሆንሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በፊት ግን የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ልምምድ የምትሠሪበት ድርጅት የዚያኑ ማኅበር ሒሳብ የሚመረምር አለመሆኑን አረጋግጪ።