ጥያቄና መልስ፦ ፕሮግራሜ ፋይል መክፈት ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ በሲ የጻፍኩት ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ 509 ፋይል ከከፈተ በኋላ ፋይል የሚከፍተው ፈንክሽን፣ ኤፍኦፕን (fopen)፣ ነል ማለትም ባዶ ይመልስልኛል። ሜሞሪ ግን ሞልቶ ተርፏል። ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የከለከለህ ዊንዶውስ ሳይሆን ላይብረሪው ነው። የማይክሮሶፍት ሲ ላይብረሪ በኤፍኦፕን በኩል በአንድ ጊዜ እንዲከፈት የሚፈቅደው 512 ፋይል ነው። ሦስቱን መደበኛ ግቤት፣ ውጤትና የስህተት መውጫ ገና ከመነሻው ይይዟቸዋል። የላይብረሪው የራሱ መዝገብ ከሞላ ጥያቄህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋ እንኳ አይደርስም። ሴትማክስስቲዲዮ የሚባለውን ፈንክሽን ጥራና ከፍ አድርገው። አዲሶቹ ቨርዥኖች እስከ 8192 ይፈቅዳሉ፤ የድሮዎቹ እስከ 2048 ነበር። ከዚያም በላይ ካስፈለገህ ክሪኤትፋይል በሚባለው የዊንዶውስ ጥሪ በቀጥታ ክፈት።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይስ?

መልስ፦ እዚያ ገደቡን የሚያስቀምጠው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ለስላሳና ጠንካራ ገደብ አለው፤ ለስላሳው አሁን የሚሠራበት፣ ጠንካራው ለስላሳው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ለስላሳው ብዙውን ጊዜ 1024 ነው፤ ዩሊሚት -ኤን ብለህ እየው። እስከ ጠንካራው ድረስ ያለ ሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ ማሳደግ ይቻላል። ሶኬትና ፓይፕም (የኔትወርክና የፕሮግራሞች መገናኛዎች) አብረው እንደሚቆጠሩ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰርቨሬ ላይ ገደቡን 65535 አድርጌው ለምን አልገላገልም?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ መጀመሪያ የተከፈተው ሁሉ መዘጋቱን አረጋግጪ። ሰርቨሩ እየሠራ ፕሮክ (/proc) የሚባለው ፎልደር ውስጥ ግቢ፤ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር ኤፍዲ የሚል ፎልደር አለ። ዝርዝሩን አውጪው። አንዱ የሎግ ፋይል ደግሞ ደጋግሞ ተደርድሮ ካየሽ፣ እየተከፈተ ሳይዘጋ የሚቀር ነገር አለ ማለት ነው። ገደቡን ብታሳድጊው ሰርቨሩ ዛሬ ከሰዓት መውደቁ ቀርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ይወድቃል። ያኔ ምክንያቱን ማግኘት ይብስ ይከብዳል። ፓይተን ላይ በዊዝ፣ ጃቫ ላይ በትራይ ዊዝ ሪሶርስ ክፈቺ፤ መሃል ላይ ኤረር ቢመጣ እንኳ ይዘጉልሻል።

ሌላም አደጋ አለ። ብዙ ፋይልና ሶኬት በአንዴ የሚጠብቀውን ሴሌክት የሚባል ጥሪ የሚጠቀም የቆየ ኮድ፣ ሊኑክስ ላይ ከ1023 በላይ የሆነ የፋይል ቁጥር (ከርነሉ ለተከፈተ ፋይል የሚሰጠው ቁጥር) አይችልም። ቁጥሩ ካለፈ የራሱ ያልሆነ ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ገደቡን ከማንሳትሽ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠሩት ፖል ወይም ኢፖል ቀይሪው።

ጥያቄ፦ ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፍ ይሄ ለምን አይገጥመኝም?

መልስ፦ በ2022 ከወጣው 1.19 ጀምሮ ጎ ሲነሳ ራሱ ለስላሳውን ገደብ ወደ ጠንካራው ከፍ ያደርጋል። ጃቫም ሊኑክስ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ጠንካራው ላይ ከደረሱ ግን ሁለቱም ይቆማሉ።