አነበበ ወይስ ዘመረ?

የድሬ ልጆች፣ ትናንት አስተምሬያችሁ ዛሬ እናት አባት የሆናችሁ፤ ከዚራ ጥላ ሥር እያቆማችሁ «ቲቸር፣ ልጄ ማንበብ ጀመረ» ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ግን ልጠይቃችሁ፦ አነበበ ወይስ ዘመረ?

እኔም ተሸውጄበታለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ገና በአምስት ዓመቱ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ ይወርደው ነበር። ጎረቤት ጠርቼ አስጨብጭቤለታለሁ። አንድ ቀን ቡና እየቆላሁ በከሰል ስባሪ ሲሚንቶው ላይ «ቆ»ን ጻፍኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጠጋ ብዬ ብሰማ ከ«ሀ» ተነስቶ እየመጣ ነው! ቡናው አረረ፤ እኔም የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ አፈርኩ።

የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። ተማሪው ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፦ «አ» ግዕዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ። የለመደው ዜማ ሲበጠስበት ዓይኑ ፊደሉን ለማየት ይገደዳል። እናንተም ካርቶን ቆርጣችሁ አራት አምስት ፊደል ጻፉና አደበላልቁበት። ከስሙ ፊደላት ጀምሩ፤ 231ዱን በአንዴ አትጫኑበት። ካዕብና ሣልስ ባብዛኛው አያስቸግሩም፤ የካዕብ ቅጥያ ከወገቡ፣ የሣልስ ከእግሩ ነው። ሳድስ ግን ቋሚ መልክ የለውም፤ እሱ ላይ ታገሡ።

ቀጥሎ የሚመጣው መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውም። «አባባ አለ» የሚለውን አስነብቡት። አባባ ተናገረ ነው ወይስ ቤት አለ? (በርጫ ላይ ከሆነማ ቤትም የለም፣ አቦ!) ሲሳሳት ከመቆጣት «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ትርጉሙን ሲያስብ ራሱ ያርመዋል።

ለዚህ ደግሞ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ሊያውቀው ይገባል። አያቱ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ተረት ሲነግሩት «አማርኛው ይበላሽበታል» ብላችሁ አታቋርጧቸው። ተረት የጠገበ ልጅ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ይችላል፤ ይህም ያነበበውን ለመረዳት ያግዘዋል። ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ሁለቱን ፊደል አንድ ምሽት ላይ አትደርድሩበት፤ ይህን ያህል ብቻ ነው የምለው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በቀትር ሙቀት ልጅ አታስጨንቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጅ ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ቀፊራ ገበያ ስንሄድ የምናነበው የባጃጅ ጀርባ ነው። ባለፈው ቅዳሜ «ት-ዕ-ግ» እስክትል ባጃጁ ታጠፈ። አለቀሰች። ደግነቱ ከኋላው ሌላ መጣ።