አጥር ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ባለፈው ሳምንት ቀያሾች መጥተው የእኛንና የጎረቤቶቻችንን አጥር ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ብንጠይቃቸው «በፕላኑ 30 ሜትር መንገድ አለ» አሉን። ካርታ አለን፣ ግብርም አላቋረጥንም። ምን እናድርግ? ወደፊትስ እንዲህ ያለውን ነገር ቀድመን የምንሰማው እንዴት ነው?

መልስ፦ ቀለሙ ውሳኔ አይደለም። የማስለቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ቀንና ማኅተም ይዞ ለባለይዞታው መድረስ አለበት። ወረቀቱ ሳይደርስዎት አጥርዎን በገዛ እጅዎ እንዳያፈርሱ፤ ያላነበቡትንም እንዳይፈርሙ።

ነገ ጠዋት ወደ አስተዳደሩ የፕላን ክፍል ይሂዱ። ብዙ ሰው መዋቅራዊ ፕላኑን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ግን ዋና ዋና መንገዶችና የመሬት አጠቃቀም እንጂ የእርስዎ አጥር አይለይም። የሰፈርዎን የአካባቢ ልማት ፕላን ከነማብራሪያ ጽሑፉ ይጠይቁ፤ የጸደቀበትንም ቀን ይመዝግቡ።

30 ሜትር ማለት ከመንገዱ መሐል መስመር 15 ወደዚህ፣ 15 ወደዚያ ነው። ከአስፋልቱ ጠርዝ 30 ሜትር ቆጥሮ ቤቴ ሊሄድ ነው ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። የፕላኑ መሐል መስመር ግን ዛሬ መኪና ከሚሄድበት መንገድ መሐል ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ የመሐል መስመሩን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ነጥቦቹ የት እንዳሉ የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ኮኦርዲኔቱን ስልክ ላይ ሲያስገቡ ይጠንቀቁ። የፕላኑ ካርታ በአዲንዳን (በቆየው የአገራችን ካርታዎች የልኬት መነሻ) የተሠራ ከሆነና ስልኩ በደብሊው ጂ ኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የልኬት መነሻ) የሚያነብ ከሆነ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ቤትዎን ሌላ ሰፈር ያገኙታል። ዞኑንም፣ ማለትም ኮኦርዲኔቱ የሚቆጠርበትን የካርታ ክፍል ቁጥር፣ ይዩ፦ ድሬዳዋ በዞን 37 ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት፣ ሐረር ግን ዞን 38 ውስጥ ትገባለች። ዞን ሲያሳስቱ ስሕተቱ ከ600 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ቀድሞ ለመስማት የሚጠቅመው ረቂቁ ላይ መድረስ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። የቀበሌውን ሰሌዳ ተራ ገብታችሁ በየሳምንቱ እዩ፤ ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሰው ላኩ፣ አስተያየታችሁንም በጽሑፍ አስገብታችሁ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። በስብሰባው የመንገዱን ስፋት ብቻ ሳይሆን አረንጓዴ ተብሎ የተከለለው ቦታ ወደ መኖሪያ ወይም ወደ ንግድ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። በተለይ በደቻቱ ወንዝ ዳር ይህን ዝም ብሎ ማሳለፍ አይገባም፤ በ1998 ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ትእዛዙ በእርግጥ ከመጣ፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያመለክቱት ትእዛዙ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ነው። አዋጁ ኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት ከነማሻሻያው ያንብቡት። የተቀበሉበትን ቀን እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ የሰጠዎትም ሰው ይፈርምበት።