ስም የማይወጣለት የቀርከሃ ሥራ

ልጆቼ፣

አናጺ ነኝ። ሙያውን 30 ዓመት አስተምሬአለሁ። ወጣት ሳለሁ ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር ብቻ መሥራት ነበር የምወደው። አልጋ፣ ብፌ። አንድ ገበሬ የመጥረቢያ ዛቢያ ሲያዘኝ ደበረኝ። ላይ ላዩን ልጌ ሰጠሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ምንም አልተናገረም፤ የተላጠ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ።

ያን መዳፍ ያስታወሰኝ ታካያማ ነው። ታካያማ ጃፓን ውስጥ፣ ናራ ግዛት፣ ኢኮማ ከተማ ያለ መንደር ነው። 500 ዓመት ገደማ ቻሰን ሲሠራበት ኖሯል። ቻሰን ማቻ የሚባለውን የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት በሙቅ ውሃ እየመቱ አረፋ የሚያወጡበት የቀርከሃ መምቻ ነው። ጃፓን ውስጥ ከሚሠራው አብዛኛው ከዚያ ይወጣል።

ቀርከሃው በብርድ ወራት ይቆረጣል። ቅባቱ እንዲለቅ ይቀቀላል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ይከርማል። አንዳንዱ ቀርከሃ ደግሞ ከድሮ የሳር ቤት ጣሪያ የሚወርድ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የምድጃ ጭስ የጠጣ! ጥቀርሻ የለበሰ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ያ እንጨት ምን ያህል እንደሚጠነክር ያውቃል። ቤቶቹ እየጠፉ ስለሆነ እሱም እየጠፋ ነው።

ለምሳሌ አንዷ ቁራጭ 16 ቦታ ትሰነጠቃለች። እያንዳንዱ ስንጥቅ እንደገና 10 ቦታ ይከፈላል። 160 ጥርስ፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ፣ መካከሉ በክር ተለይቶ። ክሩ ከመግባቱ በፊት ግን ጥርሱን በሙቅ ውሃ አርሰው ወደ ጫፉ እያሳሱ ይልጉታል። ይህን ሥራ አጂኬዙሪ ይሉታል፤ ጣዕም መላግ እንደማለት ነው። የሻዩ ጣዕም በዚህ ይለወጣል ብለው ያምናሉ። ሻይ እንዳይጣበቅበት ደግሞ የውጪውን ጥርስ ጠርዝ አንድ በአንድ በቢላ ያለዝቡታል። እኔ ሙያ የምለው እዚህ ጋ ያለውን ነው።

የጃፓን የሻይ ሥርዓት ታላቅ መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ እ.ኤ.አ. በ1591 ከመሞቱ በፊት የቀርከሃ ማንኪያ ጠርቦ ነበር። «ናሚዳ» ይባላል፤ እንባ ማለት ነው። ዛሬም ናጎያ በቶኩጋዋ ሙዚየም ተቀምጧል። ቻሰን እንዲህ ያለ ስም አይወጣለትም። ጥርሱ ይሰበራል፣ በሌላ ይተካል።

ልጆቼ፣ እጃችሁ የሚገባው አብዛኛው ሥራ እንደ ማንኪያው ሳይሆን እንደ ቻሰኑ ነው። ሰው ተጠቅሞበት የሚያልቅ። እባካችሁ፣ እሱ ላይ እጃችሁ አይስነፍ።

ጃፓን ውስጥ ያረጀ ቻሰን የሚሰበስቡ ቤተ መቅደሶች አሉ። በጸሎት፣ በምስጋና ያቃጥሉታል።