ፀሐይን የሚያስወጣው ጸሐፊና የሄኖክ በሮች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰሞኑን አንድ ቀልደኛ ልብ ወለድ አንብቤ ጨረስኩ። ታሪኩ የሚፈጸመው በምናብ ዓለም ነው። እዚያ ፀሐይ በራሷ አትወጣም። አንድ ሰነፍ የአማልክት ጸሐፊ በየጠዋቱ እየፈረመ ነው የሚያስወጣት። አንድ ቀን እንቅልፍ ይጥለውና ዓለም ይጨልማል። አማልክቱ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ይለጥፋል። በሳቅ ሞትኩ። ከየምዕራፉ ቀጥሎ ደግሞ እውነተኛው ሳይንስ ይመጣል፤ ፀሐይ በምን እንደምትነድ፣ ምድር ስንት ዓመቷ እንደሆነ። መጨረሻው ላይ ግን «እንግዲህ ፀሐይ ጸሐፊ ካላስፈለጋት ዓለምም ፈጣሪ አያስፈልገውም» ይላል። አብሮኝ የሚማር ልጅ ደግሞ «የእናንተስ መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በበር ትወጣለች ይል የለ? ከጸሐፊው በምን ይለያል?» ብሎ አፋጠጠኝ። መልስ አጣሁ። ማንበቤና መሳቄ ኃጢአት ነው? ለአሥር ዓመት ወንድሜስ ላንብብለት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺም ይሁን። ያ ጸሐፊ እኔንም አስቆኛል። መጀመሪያ ይህን ልናዘዝና ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

ስለ ሳቁ ብዙ አላደክምሽም። ሐዋርያው ጳውሎስ ዋዛን እንደከለከለ ታውቂያለሽ (ኤፌ. 5፥4)። ግን ከምን ጋር አያይዞ እንደጠራው እዪ፤ ከሚያሳፍር ነገርና ከስንፍና ንግግር ጋር ነው። ሰውን የሚያዋርድና ነውርን የሚያለማምድ ቀልድ ነው የተከለከለው። ነቢዩ ኤልያስ እኮ በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ላይ ቀልዷል። ከጠዋት እስከ ቀትር ሲጮኹ ውለው መልስ ሲያጡ፣ ጮክ በሉ እንጂ፣ ምናልባት መንገድ ሄዶ ይሆናል፣ ምናልባትም ተኝቶ ይሆናል አላቸው (1ኛ ነገ. 18፥27)። የተኛ አምላክ! ያንቺ ደራሲ ያሳቀሽ በዚችው ቀልድ ነው። አያውቀው ይሆናል እንጂ ኤልያስ ቀድሞታል።

ልብ ወለድነቱም አያስፈራሽ። በመጽሐፈ መሳፍንት ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ ይወጣሉ። ወይራው፣ በለሱ፣ ወይኑ «ሥራ አለን» ብለው እምቢ ሲሉ ሹመቱ ለእሾህ ይደርሳል (መሳ. 9፥8-15)። ዛፍ አይናገርም ብሎ ምሳሌውን የተናገረውን ኢዮአታምን ውሸታም ያለው የለም።

ደግሞ አስቢው። በፀሐይ አማልክት ላይ የተሳቀው ዛሬ አይደለም። በዙሪያው ያሉ ሕዝቦች ፀሐይን ሲያመልኩ፣ ኦሪት ዘፍጥረት ስሟን እንኳ አይጠራም። «ትልቁ ብርሃን» ብሎ ያልፋታል፤ ያውም በአራተኛው ቀን። ሣሩና ዛፉ የበቀሉት በሦስተኛው ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ ምክንያቱን ተናግሯል፤ ፀሐይን የሕይወት ምንጭ ናት ብለው የሚያመልኩ ሰዎች፣ ሣር ከእርሷ ቀድሞ መብቀሉን ሰምተው ከስሕተታቸው እንዲመለሱ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የፀሐይን ጸሐፊ ከሥራ ሲያባርረው ከእኛ ወገን ሰው አላባረረም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ ሄኖክ።

ያ ልጅ የጠየቀሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትቀየሚው። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት ሲናገር በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት በሮች አሉ ይላል። መልአኩ ዑራኤል ነው ለሄኖክ የሚያሳየው። ፀሐይ በአንዱ በር 30 ጠዋት ትወጣና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ዳር ስትደርስ ትመለሳለች። ቀንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ይከፍልና ረጅሙ ቀን 12፣ ሌሊቱ 6 ይሆናል ይላል። ከስድስት ወር በኋላ ይገለበጣል።

ይህን በወረቀት ብቻ አታንብቢው። ምሥራቅ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ ቁሚና ፀሐይ ከየት እንደምትወጣ ምልክት አድርጊ። ከወር በኋላ ከዚያ ቦታ አትወጣም። ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ የሆነ ቦታ ደርሳ የቆመች ይመስላል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ትመለሳለች። ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ታደርጋለች። እኔ የሄኖክን በሮች የማነባቸው እንደዚህ ነው። ምድር ላይ ቆሞ አድማስን የሚያይ ሰው የሚቆጥራቸው ምልክቶች ናቸው። የምትዞረው ምድር መሆኗን የሚያውቀው ሳይንቲስትም እኮ ጠዋት ተነሥቶ «ፀሐይ ወጣች» ነው የሚለው። በልብ ወለዱ ውስጥ ሰነፉ ጸሐፊ የገባው ፀሐይን ማን ገፋት ለሚለው መልስ እንዲሆን ነው። የሄኖክ በሮች ግን ጊዜ ያስቆጥራሉ።

ከጓደኛሽ በፊት አንድ ነገር እኔው ላንሣ። ሄኖክ ዓመቱ 364 ቀን ነው ይላል። በሰማይ የምትታየው ፀሐይ ደግሞ ዓመቷን የምትጨርሰው በ365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምን አደረገች? ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጠረችው፤ የዘመንና የበዓላት ቆጠራዋን፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ስትቀምር ደግሞ 365 ቀን ከሩብ ብላ ቆጠረች። ሁለቱን በአንድ ቤት አኑራ ኖራለች። ሊቃውንቱ ቁጥር የሚያጡ ሰዎች አልነበሩም። ቅዱስ መጽሐፍ ያለበትንና ስሌት ያለበትን ቦታ ለይተው ነበር።

ይህን መለየት ያቃተውም ክርስቲያን አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት ቆዝሞስ የሚባል ነጋዴ ነበር። የአክሱም ወደብ እስከነበረችው እስከ አዱሊስ ድረስ መጥቶ የአክሱምን ዘመን በዓይኑ ያየ፣ ያየውንም የጻፈ ሰው ነው። ለዚህ እናመሰግነዋለን። ግን ዓለም ሙሴ በሠራት ድንኳን ቅርጽ፣ እንደ ሣጥን ናት ብሎ ድርቅ አለ። የመለሰለት ሌላ ክርስቲያን ነው፤ የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ። (ፊሎፖኖስ በምሥጢረ ሥላሴ ላይ ሲጽፍ ተሰናክሏል። በአንዱ ሊቅ መሆን ለሌላው ዋስትና አይሆንም።) ምድር ክብ መሆኗን እያስረዳ፣ የዘፍጥረት ዓላማ ሰውን ወደ ፈጣሪው መምራት ነው ብሎ ተከራከረ።

አሁን ወደ መጽሐፍሽ ማለቂያ። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይናገራሉ። አንደኛው ቀልደኛው ነው፤ እሱ ራሱ እመኑኝ አይልም። ሁለተኛው ሳይንሱን የሚያስረዳው ነው። ፀሐይ በየሴኮንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች፣ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል ሲልሽ ስሚው፤ ተለክቶ የተገኘ ነገር ነው። ሦስተኛው ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። የሁለተኛውን ነጭ ካፖርት ይለብሳል፣ በአንደኛው ድምፅ ያስቅሻል፣ ከዚያ «እንግዲህ» ይላል።

«እንግዲህ» ላይ ቁሚ። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር የግዕዝ ቅኔ ሁለት ቤት ነው። ቤቱን ትቆጥሪያለሽ፣ ሰሙንና ወርቁን ትለያለሽ፣ የእያንዳንዱን ቃል ሙያ አንድ በአንድ ታወጫለሽ። ምንም ሳይቀርሽ ፈትተሽው «እንግዲህ ባለቅኔ የለውም» ብትዪ፣ ስለ ቅኔው ያወቅሽው ሁሉ ልክ ነው፤ «እንግዲህ» ያልሽው ግን ከየትም አልመጣም።

የእኛም ሰዎች ይህን ያደርጉታል፤ ደግሞ በጭብጨባ። ዓለም የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በጣም ጥቅጥቅ ካለና ከጋለ ሁኔታ መስፋት ጀመረ የሚለውን ሲሰሙ «እንግዲህ ሳይንስ ዘፍጥረትን አረጋገጠ» ይላሉ። ለዚህ አሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። ዓለም እየሰፋ ነው የሚለውን ጽሑፉን ያወጣው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። በ1951 የሮማው ፓፓ ይህን ከፍጥረት ጋር አያይዘው ሲናገሩ ለሜትር ደስ አላለውም። ነገ በሌላ ስሌት ሊተካ በሚችል ነገር ላይ እምነት እንዲንጠለጠል አልፈለገም። ቄስ ሆኖ ሳለ «እንግዲህ» ለማለት አልቸኮለም። ይህን ሰው እወደዋለሁ።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ በጸሐፊው መሳቅሽ ንስሐ የሚያስገባሽ አይመስለኝም። ልብሽን ከከበደው ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ አንቺን ከእኔ የበለጠ ያውቁሻል። ግን ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። መጽሐፉን ካነበብሽ ወዲህ እናትሽ ሲጸልዩ ስታዪ ያ ስብሰባ ትዝ እያለሽ የንቀት ፈገግታ ይመጣብሻል? ከመጣ ለጊዜው መጽሐፉን አስቀምጪው። እንዲሁ በጸሎት መካከል ጸሐፊው ብቅ ብሎ ካሳቀሽ ግን አትደንግጪ። በእኛም ዘንድ ከዚያ ባልተናነሰ የሚያስቅ ነገር ሞልቷል።

ለወንድምሽ አንብቢለት። ከየምዕራፉ በኋላ «ይሄ ቀልደኛው ነው ሳይንቲስቱ?» ብለሽ ጠይቂው። ልጆች ይህን ከእኛ ፈጥነው ይለያሉ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለአሁኑ ዝለዪው። አሥራ አምስት ሲሞላው «እንግዲህ» የምትለዋን ቃል በእርሳስ አስምሪባትና መጽሐፉን ስጪው።