ከኮሌጅ የመጣ ደብዳቤ ገና ስኮላርሺፕ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ልጅሽ 11ኛ ክፍል ነው፣ እዚያው ክሊቭላንድ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ከአንድ ትልቅ ኮሌጅ ስሙ የተጻፈበት ደብዳቤ መጥቶለታል። እሱ «ከኦሃዮ ስቴት ውጪ የትም አልሄድም» ይላል፤ አባቱ «ኳሱ ይቅርና ትምህርቱን ይያዝ» ብለዋል፤ አንድ ድርጅት ደግሞ ልጁን ለኮሌጆች አስተዋውቅላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቋችኋል። አንቺ «ጨዋታው ምኑም አይገባኝም፣ ምን ይሻለኛል?» ብለሻል። እኔ ኮሎምበስ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ በዚሁ መንገድ ስላለፈ የማውቀውን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጨዋታው አለመግባቱ አያስጨንቅሽ። ዳኞቹ ለምን ቢጫ ጨርቅ እንደሚወረውሩ እኔም ሁልጊዜ አይገባኝም። በእኛ ሰዎች ላይ ያየሁት ችግር ሌላ ነው፤ «ይሄ የእነሱ ነገር ነው» ብለን ወረቀቱንም ውሳኔውንም ለኮቹ፣ ለአሰልጣኙ፣ አስረክበን እንወጣለን። ኮቹ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚገመገመው ዓርብ ማታ ጨዋታውን በማሸነፉ ነው። ልጁ በ25 ዓመቱ ምን ሠርቶ እንደሚያድር የማሰቡ ሥራ የእናንተ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የፉትቦል ሕግ ማወቅ አያስፈልግም።

ደብዳቤውን በተመለከተ፦ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን በብዛት ይልካሉ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የሚሞላ መጠይቅ ወይም ከፍላችሁ የምትገቡበት የበጋ ካምፕ ጥሪ ነው። ይጣል አልልሽም፤ ስሙ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ያሳያል። «ኦፈር» የሚባለው ሌላ ነው፤ ኮሌጁ ኮች ራሱ ደውሎ ወይም ፊት ለፊት «ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን» ሲል ነው። እሱም ቢሆን የቃል ነገር ስለሆነ ልጁንም ኮሌጁንም አያስርም። የሚያስረው 12ኛ ክፍል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው። ድሮ ከዚህ ጋር «ሌተር ኦፍ ኢንተንት» የሚባል ወረቀት ነበር፤ በ2024 ቀርቷል። ስለዚህ ዘመድ የድሮውን ልምድ ቢነግርሽ አትደናገሪ።

ለእኛ ልጅ የቃል ኦፈር መጥቶ ነበር። ቤት ድረስ እየደወለ ሲያወራን የነበረው ረዳት ኮች ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘ፤ በእሱ ቦታ የመጣው ሰው አንድም ቀን አልደወለልንም። ሰውዬው ዋሽቶናል ማለት አልችልም። የሥራቸው ጠባይ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ኮሌጅ ሲመርጥ «ይሄ ኮች ነገ ቢሄድ እዚህ መማር እፈልጋለሁ ወይ?» ብሎ ይምረጥ።

ቦታውም ጠቧል። በአገሩ ሃይ ስኩል ፉትቦል የሚጫወተው ልጅ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከመቶ ሰባት ያህሉ ብቻ ናቸው በየትኛውም ደረጃ ኮሌጅ ገብተው የሚጫወቱት። በትልልቆቹ ኮሌጆች በአንድ ቡድን 85 ስኮላርሺፕ ነበር የሚፈቀደው። ተጫዋቾች የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪውን ከስሰው ከደረሱበት ከ2025ቱ የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ፣ በስምምነቱ በገቡት ኮሌጆች ያ ገደብ ተነሥቶ የቡድኑ ጠቅላላ ብዛት በ105 ተወስኗል። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጠቅላላ ብዛቱ ስለተገደበ ቀድሞ ያለ ስኮላርሺፕ ገብተው ራሳቸውን ያሳዩ የነበሩ ልጆች በብዛት የሚያዙበት ዕድል አነሰ። በዚያ ላይ «ትራንስፈር ፖርታል» የሚሉት አለ፤ ተጫዋች በእሱ በኩል ኮሌጅ ይቀይራል። አንድ ኮች ሌላ ቦታ የተፈተነ የ21 ዓመት ጎረምሳ ማግኘት እየቻለ የ17 ዓመት ልጅ ለምን ያሳድጋል?

ገንዘቡን ልጅሽ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ ለሁሉም ስፖርት ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ማካፈል ተፈቅዶለታል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ይሄ ገንዘብ ታክስ አለበት፤ በስሙ የሚያገኘውም ታክሲና ኡበር የነዳን ሁሉ በምናውቀው በ1099 ፎርም ነው የሚመጣው። ማንም ቀንሶ አያስቀምጥለትም።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ፤ ትራንስክሪፕቱ፣ የውጤት መዝገቡ። ኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለዲቪዥን አንድ፣ ለከፍተኛው የውድድር ደረጃ፣ 16 «ኮር ኮርስ» ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና የመሳሰሉት። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ የእነዚያ ውጤት ይቆለፋል፤ 12ኛ ክፍል ላይ እንደገና ወስዶ ማሻሻል አይቻልም። አማካይ ውጤቱም ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፤ የሚሰላው ግን ከኮር ኮርሶቹ ብቻ ነው። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ያገኘው ኤ እዚህ አያድነውም። ልጅሽ 11ኛ ክፍል ስለሆነ የቀረው ጊዜ ይሄው ዓመትና የሚመጣው በጋ ነው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን የአንድ ቤተሰብ ልጅ እያሰብኩ ነው። በ15 ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ሩጫው ለጉድ ነበር። ከሶከር ወስደው ፉትቦል አስጀመሩት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮሌጆች ሊያዩት ይመጡ ጀመር። መምህራኑ ያልፍ ዘንድ ቀለል ያለ ክፍል ሰጡት፤ ቀደም ብሎ የወሰዳቸው ኢኤስኤል፣ ማለት እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩ ክፍሎችም አልተቆጠሩለትም። አዲስ አበባ የተማረውን የ9ኛ ክፍል ውጤት ማቅረብ እንዳለበት የተነገረው 12ኛ ክፍል ሊጨርስ ሲል ነው። ወላጆቹ ሁለት ሁለት ሥራ ስለሚሠሩ ትምህርት ቤቱ ይከታተላል ብለው አምነዋል። መስፈርቱን ሳያሟላ ቀርቶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ተወው፤ አሁን መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ሥራ ክቡር ነው፤ የሚያናድደኝ ያንን ልጅ ሜዳ ላይ ያስቀረው ጉዳትም ስንፍናም አለመሆኑ ነው። ገና እንደመጣ አንድ ሰው ካውንስለሩ ፊት ተቀምጦ ዝርዝሩን ቢያይ ኖሮ ያልቅ የነበረ ጉዳይ ነው።

አሁን ስለ ሁለቱ ባላንጣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ስለ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን። እዚህ ሁለቱ የሚጋጠሙበትን በኖቬምበር መጨረሻ ያለውን ሳምንት ማየት ነው፤ በኦሃዮ ስቴት ግቢ ምልክቶች ላይ ያለውን፣ የሚሺጋን ስም መነሻ የሆነውን ኤም ፊደል ሁሉ በቀይ ቴፕ ይሰርዙታል። ቡናና ጊዮርጊስ ሲገናኙ አዲስ አበባ ስታዲየም ይሆን የነበረውን በ100 ሺህ ሰው አባዢው። ቡድኖቹ መጋጠም የጀመሩት በ1897 ነው፤ ክፍላተ ግዛቱ ግን ከዚያም በፊት፣ በ1835፣ በቶሊዶ መሬት ተጣልተው ሚሊሻ አሰልፈው ነበር። በ2024 ሚሺጋን እዚሁ ኮሎምበስ መጥቶ 13 ለ10 ሲያሸንፍ ሜዳው መሃል ባንዲራ ሊተክሉ ነው ተብሎ ጠብ ተነሣ፣ ፖሊስ በርበሬ እስከመርጨት ደረሰ። ኦሃዮ ስቴት ከሳምንታት በኋላ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ግን ዛሬም የሚያነሡት የኖቬምበሩን ሽንፈት ነው።

ልጅ በዚህ ውስጥ ሲያድግ ከአንድ ማልያ በቀር አይታየውም። ለልጅሽ ይሄን ንገሪው፦ ዴዝሞንድ ሃዋርድ የእናንተው የክሊቭላንድ ልጅ ነው፤ ቻርልስ ውድሰን የፍሪሞንት፣ ኦሃዮ ልጅ ነው። ሁለቱም ሚሺጋን ሄደው የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰዱ፤ አንዱ በ1991፣ ሌላው በ1997። ጎረቤት ምን ይለኛል ብለው ቢሆን ኖሮ አይሄዱም ነበር።

የሞሪስ ክላሬትንም ታሪክ ይወቅ፤ እዚህ ከተማ የማያውቀው የለም። ከያንግስታውን አካባቢ የወጣ ልጅ ነው፤ የብረት ፋብሪካዎቹ ተዘግተው የተጎዳች ከተማ። ሃይ ስኩልን ቀድሞ ጨርሶ በጃንዋሪ 2002 ኦሃዮ ስቴት ገባ። በዚያው ዓመት ኳስ ይዞ በመሮጥ 1,237 ያርድ ሸፈነ። በጃንዋሪ 2003 ከማያሚ ጋር በነበረው የዋንጫ ጨዋታ ተከላካዩ የያዘውን ኳስ ከእጁ ነጥቆ ወሰደ፤ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ደግሞ የማሸነፊያውን ነጥብ አስቆጠረ። ኮሎምበስ 34 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ ያመጣላት የ19 ዓመት ልጅ ማለት ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ለኦሃዮ ስቴት አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

ያልተፈቀደ ጥቅም ተቀብሏል፣ ለመርማሪዎችም እውነቱን አልተናገረም ተብሎ የ2003ን ውድድር ታገደ። ከሃይ ስኩል ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኤንኤፍኤል፣ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ፣ አይገባም የሚለውን ደንብ በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ መጀመሪያ አሸነፈ፣ ይግባኝ ላይ ተሸነፈ። ሁለት ዓመት ያለ ጨዋታ ተቀመጠ። በ2005 የኤንኤፍኤሉ ቡድን ዴንቨር በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሦስተኛው ዙር ወሰደው፣ ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበተው። በ2006 በዘረፋና በጦር መሣሪያ ተያዘ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል እስር ቤት ቆይቶ በ2010 ወጣ። አሁን የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት ያቋቋመ፣ ለወጣት ተጫዋቾችም እየዞረ የሚናገር ሰው ነው። ሰዎች «ራሱ ነው ያበላሸው» ይላሉ፤ ጥፋቱን እሱም አይክድም። እኔን የሚገርመኝ ግን በስታዲየሙ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስሙን እየጠራ ሳለ «ቆይ፣ ይህን ወረቀት ከመፈረምህ በፊት አብረን እናንብበው» የሚል ሰው ማነሱ ነው። ጭብጨባው ለማልያው ነው፤ ልጁ ቢጎዳ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ማልያ ሌላ ልጅ ይለብሰዋል።

ልጃችን በመጨረሻ የገባው እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ዲቪዥን ሦስት ኮሌጅ ነው። ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለውም፤ ሀበሻ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይተወዋል። ነገር ግን በውጤትና በቤተሰብ ገቢ የሚሰጥ ድጋፍ አለ። የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ የሆነውን ፋፍሳን ሞልተን፣ ድጋፉ ሲቀነስ፣ እኛ የከፈልነው ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ያነሰ ሆነ። እየተጫወተ አካውንቲንግ ተምሮ ወጣ። ከዚያ ደረጃ ትልቁ ሊግ የሚደርስ የለም ማለትም አይደለም፤ ከሄይቲ የፈለሰ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ፒየር ጋርሶን ከማውንት ዩኒየን፣ እዚሁ ኦሃዮ ካለ ዲቪዥን ሦስት ኮሌጅ፣ ወጥቶ በ2013 በኤንኤፍኤል ከሁሉም በላይ ብዙ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ሆኗል። እሱ ግን ከስንት አንድ ነው።

ባለቤትሽ የጭንቅላት ጉዳት ፈርተው ከሆነ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። በሁሉም ክፍለ ግዛት፣ ጭንቅላቱን ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ከጨዋታ እንዲወጣና የጤና ባለሙያ ሳይፈቅድ እንዳይመለስ የሚያዝ ሕግ አለ። ልጆቹ ግን ቦታቸውን እንዳያጡ ይደብቃሉ። ከጨዋታ በኋላ ራስ ምታት፣ ብርሃን መጥላት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም ቁጣ ካየሽ ኮቹን ሳትጠይቂ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ለዚያ ድርጅት አሁን ምንም አትክፈሉ። ኮሌጅ ኮች የሚያየው ቪዲዮ ነው፤ አብዛኛው ሃይ ስኩል የጨዋታውን ቪዲዮ ሀድል በሚባለው ላይ ያስቀምጣል። ልጁ ራሱ ጥሩ ጥሩውን ቆርጦ፣ ከውጤቱ ጋር አያይዞ፣ ለኮቾቹ በኢሜይል ይላክ። ከኦሃዮ ስቴት በተጨማሪ ከየደረጃው ኮሌጅ ይምረጥ። ኮች ቤት ከመጣ ደግሞ ቡና አፍልተሽ ጠይቂው፦ ስኮላርሺፑ ስንት ዓመት ነው? ቢጎዳ ይቀጥላል? በእሱ ቦታ ስንት ልጅ አላችሁ? የሚፈልገውን የትምህርት ዘርፍ ልምምዱ ይከለክለዋል? የሚናደድ ኮች ካለ መልሱን አግኝተሻል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ካውንስለሩ ጋ ቀጠሮ ያዢና የኤንሲኤኤ ኮር ኮርስ ዝርዝርን ከልጁ ትራንስክሪፕት ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ የጎደለ ካለ ለበጋ አሁኑኑ ይመዝገብ። ባለቤትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ እሳቸው የተጨነቁት ስለ ትምህርቱ ነው፣ ይሄ ቀጠሮ ደግሞ ስለ ትምህርቱ ብቻ ነው።